የሽማግሌው ፀሐይ

ጥቅምት 8

ለማላውቅሽ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ለተከበሩ እትዬ» ብለሽ መጀመርሽን አይቻለሁ፤ ክብሩን ለራስሽ ያዢው። ጤናዬንም ጠይቀሻል። ጤናዬ ደህና ነው። ዛሬ ድንገት ጤናዬ ያሳሰበሽ ለምን እንደሆነ ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ገብቶኛል፤ እንሽላሊቱ አልበላ ብሎሻል።

እንድንግባባ ነገሩን ከሥሩ ላስቀምጠው። ባሌ ጥሎኝ ወዳንቺ ሲመጣ ከዚህ ቤት የወሰደው ሦስት ነገር ነው፤ የመስታወት መቁረጫውን፣ ካፖርቱን እና እንሽላሊቱን። ሁለቱ የራሱ ናቸው። ሦስተኛው የኔ ነው። ጣት ከማያክልበት ጊዜ ጀምሮ ስድስት ዓመት ያሳደግኩት እኔ ነኝ። የወሰደው ወዶት አይደለም፤ እንደሚያመኝ ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ከሱም ካንቺም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልሱልኝ። ለሱ በሰው ልኬበት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ላንቺ አሁን በጽሑፍ እየነገርኩሽ ነው።

የስልክ ቁጥርሽንም ጽፈሽልኛል። አልደውልም። ድምፅሽን አላውቀውም፤ እንዳላውቀውም እፈልጋለሁ። አንዴ ከሰማሁት ማሽኔ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ጆሮዬ ውስጥ ይቀራል። የሚጠየቅ ካለሽ ጻፊ።

አሁን ስለ እንሽላሊቱ። ስሙ ሽማግሌው ነው፤ ሰውየው ሌላ ስም ነግሮሽ ከሆነ እርሺው። አገጩ ሥር ያለውን ጺም መሳይ ነገር ነፍቶ ራሱን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ስታዪው ለምን እንዲህ እንዳልኩት ይገባሻል፤ ሁለት የተጣላ ሰው ፊቱ አስቀምጦ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ የሚያስብ ነው የሚመስለው።

አልበላም ያለሽ በርዶት ነው። እንደኛ የራሱ ሙቀት የለውም፤ ከውጭ ነው የሚወስደው። ካልሞቀ የበላው ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀራል፣ ይህን ስለሚያውቅ አፉን ይዘጋል። ከቤቱ ባንደኛው ጫፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጊለት፤ ከላዩ ተራ አምፖል አንጠልጥዪ። ድንጋዩ እጅሽን ስታሳርፊበት የሚያቃጥል ሳይሆን ደስ የሚል ትኩሳት ይኑረው። ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ቀዝቀዝ ይበል፤ ሲሞቀው የሚሸሽበት ይፈልጋል። በዚህ እንኳ ከማንም ወንድ አይለይም።

ፌንጣ ስትሰጪው በሁለቱ ዓይኖቹ መሀል ካለው ስፋት የሚበልጥ እንዳይሆን፤ ከበለጠ ያንቀዋል። ትሉን ፉርሽካ ውስጥ አርቢው። ቅጠል በደቃቁ ቁረጪለት፤ ጎመን ይወዳል፤ ቆስጣ ግን እንዳታቀምሺው፣ አጥንቱን ይጎዳዋል። የእንቁላል ቅርፊት አድርቀሽ ወቅጠሽ፣ ዱቄት ሲሆን ፌንጣው ላይ ነስንሺው። ማታ መብራቱን አጥፊለት፤ እሱም እንደ ሰው ጨለማ ሲሆን ነው የሚተኛው።

ከእጄ ይበላልኝ ብለሽ ደግሞ አትድከሚ። ከእጅ የሚበላው ከኔ ብቻ ነው። ሳህን ላይ አድርጊለትና ዞር በዪ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ላንቺ ብዬ አይደለም።

ልብስ ሰፊዋ


ጥቅምት 27

ለተከበሩ እትዬ፣

ክብሩን ለራስሽ ያዢው ብለውኝ ነበር፤ ሌላ ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላወቅኩም። እናቴ ታላቅን ሰው በባዶው አትጥሪ እያለች ነው ያሳደገችኝ። እንደምን አሉ? መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤዎን ባነበብኩ ማግስት ሥራ ላይ ልቤ እሱው ላይ ቀርቶ የአንዲት ደንበኛ ጆሮ በፀጉር መተኮሻው ልነካ ለትንሽ ነው የዳንኩት።

በላ። ልንገርዎ ብዬ የቸኮልኩት ይህን ነው። ሙቀት ነው ያሉኝ ልክ ነበር። አምፖሉን ከማንጠልጠሌ በፊት ግን አንድ ጅልነት ሠርቻለሁ። ነገሩ ሙቀት ከሆነማ ብዬ ፀጉር ቤት ወሰድኩትና ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አስቀመጥኩት። ነፋሱ ሲነካው ጺሙ ከሰል መሰለ፤ አፉን ከፍቶ አፈጠጠብኝ። ከጎኑ የተቀመጠችው ደንበኛ ፀጉሯን በቢጎዲን እንደጠቀለለች ብድግ ብላ አስፋልት ተሻገረች። እስካሁን አልተመለሰችም፣ ቢጎዲኖቼም እዚያው ናቸው።

ሰውየው ደግሞ ቆንጆ ቤት ሠርቶለታል። ክዳኑን ጨምሮ ሁሉም ነገሩ መስታወት ነው፣ ጠርዙ እጅ አይቆርጥም፣ ያየው ሁሉ ያደንቃል። መስኮቱ ሥር ስላደረገው ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ታገኘዋለች። ብርድ እንዳይገባበት ብሎም መስኮቱን ዙሪያውን በስቱኮ ደፍኖታል፤ ከእንግዲህ አይከፈትም። እንዲህ የሚጨነቅለት መሆኑን ቢያውቁ ትንሽ ይቀልዎ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ይመለስልኝ ያሉትን ነግሬዋለሁ። ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሳ። ከዚያ ያለውን አልጽፈውም። ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፤ በዚህ ላይ የኔ ቃል ምንም ክብደት የለውም።

ደግሞ እሱ «ስድስት ዓመት በእጄ ነው ያጎረስኩት» ይላል፤ እርስዎ እኔ ነኝ ይላሉ። ማንን እንደማምን አልነግርዎትም። ሲያጎርሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ቆዳው መላጥ ጀምሯል። ጅራቱ ላይ ያለው አልለቅ ብሏል፤ ልሳበው? ሌላስ የቀረ ነገር አለ? ያልነገሩኝ ካለ እባክዎን ይንገሩኝ። «ይህ እንስሳ ከሞተ በእጅሽ ነው የሞተው» ብሎኛል። የምጠይቅዎት ግን ለዚያ ብቻ ብዬ አይደለም፤ እንዲሞትብኝ ስለማልፈልግ ነው።

ፀጉር ሠሪዋ


ኅዳር 12

ለፀጉር ሠሪዋ፣

ካስክ ሥር ያስቀመጥሽውን ሳነብ ሳቅ አመለጠኝ። ላንቺ ልስቅልሽ አስቤ አይደለም፤ እንዲያው አመለጠኝ።

በእጄ አጎረስኩት አለ? አንድ ጊዜ፣ እንግዳ ፊት ሊታይ ብሎ ሊያጎርሰው ሲሞክር ሽማግሌው ጣቱን ነክሶ ይዞበታል። ሌባ ጣቱ ላይ ያለውን ጠባሳ መስታወት ነው የቆረጠኝ ብሎሽ ከሆነ ውሸቱን ነው። ከዚያ ወዲህ የሽማግሌውን ቤት ሲያልፍ እጁን ኪሱ ከትቶ ነበር የሚያልፈው።

ቆዳውን እንዳትስቢው። ለብ ያለ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አድርጊና እስከ ጉልበቱ ዘፍዝፊው፤ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አሸት አሸት አድርጊው፣ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይለቃል። ጣቶቹን ግን አንድ ባንድ ተመልከቺ። እዚያ የቀረ ቆዳ እንደ ክር ይጠብቅና ደሙን ያስቆመዋል፤ ጣቱ ይወድቃል። ክር ሲጠብቅ ምን እንደሚያደርግ ለኔ የሚነግረኝ የለም።

እኔ ጋ ሲላጥ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ አወጣው ነበር። ባይላጥም አወጣው ነበር። እኔ ቁልፍ ስተክል እሱ ጭኔ ላይ ተዘርግቶ ከፎቁ ሥር የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ይታዘባል። እንጀራዬን ጥዬ ከሱ ጋር ሰው ሳማ የዋልኩበት ቀን አለ። አሁን በረንዳውን የምከፍተው ልብስ ለማስጣት ብቻ ነው። ከሽማግሌው ቤት ላይ የነበረው ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መብራትም እዚሁ ቀርቷል፤ ሰውየው ጥሎት ሄደ። ማሽኔ ላይ አንጠልጥዬው ኮሌታ እሰፋበታለሁ።

ስለ መስታወቱ ቤትና ስለ መስኮቱ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። መስታወት መቁረጥ ያውቅበታል፤ እሱን አልነፍገውም። ቤቱ ካማረ እሰየው።

የቀረ ነገር አለ ወይ ላልሽው፣ የለም። የማውቀውን ሁሉ ነግሬሻለሁ። ከሰለቸሽ ግን አትፈሪ፤ ይህ እንስሳ ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ ትዕግሥት ይጨርሳል። መልሺው፤ አልቀየምሽም።

እሱስ ደህና ነው? ለወጉ ያህል ነው የጠየቅኩት።

ልብስ ሰፊዋ


ታኅሣሥ 21

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ከረሙ? ይህን ያህል በመጥፋቴ በጣም ይቅርታ። ሁለቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ለምን እንደቀደድኩት ባልጽፈው ይሻላል።

ቆዳው እንዳሉኝ በውሃ ለቀቀ። ጣቶቹን በማጉሊያ አየኋቸው፣ ሁሉም ደህና ናቸው። ከሥራ ስመለስ ትከሻዬ ላይ አውጥቼው ፎጣ አጥፋለሁ። አንገቴ ሥር ይገባና ዓይኑን ይከድናል። እናቴ ብታየኝ አበደች ብላ ታለቅስ ነበር። ፀጉር ቤት ያሉት ልጆች «ባልሽ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «የትኛው?» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ አሁን አይስቁም።

አንድ ነገር ግን ልክ አይደለም። ድንጋዩ ላይ መውጣት ትቷል። ሥሩ ድረስ ይሄዳል፣ ቀና ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ እዚያው ይተኛል። ፌንጣ ሲዘልም ይዘገያል፤ ምላሱን እስኪልክ ፌንጣው ሄዷል። ቅርፊቱን ወቅጬ እነሰንሳለሁ፣ ቆስጣ የሚባል ቤቴ አይገባም፣ ድንጋዩን ጠዋትና ማታ በእጄ እዳብሳለሁ። ካሉኝ አንድም ያጎደልኩት የለም። ሰውየውን ስጠይቀው «አርጅቶ ነው» ይለኛል። ስድስት ዓመት ለነዚህ እርጅና ነው?

ስለሱ የጠየቁኝን፣ ደህና ነው። ሥራ በዝቶበታል። ሌላ ከተማ ለአንድ ትልቅ ሕንፃ መስታወት እየገጠሙ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። አንዳንድ ቅዳሜ። እርስዎ ጋ በነበረበት ጊዜም እንዲህ ሥራ ይበዛበት ነበር? እንዲያው ነው የጠየቅኩት፤ መልስ አይጻፉልኝ።

መልሺው ያሉኝን አስቤበታለሁ። በሩን ስከፍት ራሱን ቀና አድርጎ የሚያየኝ እሱ ነው። እሱ ከሄደ ቤቱ ውስጥ ማን ይቀራል?

ፀጉር ሠሪዋ


ጥር 7

ለፀጉር ሠሪዋ፣

መልስ አይጻፉልኝ ያልሽውን አልጻፍኩም። መልሱን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ስድስት ዓመት እርጅና አይደለም። በወጉ ከተያዘ የዚያን እጥፍ ይኖራል። አርጅቶ ነው የሚልሽ ሰው የራሱንም ዕድሜ አያውቅም፤ በየዓመቱ አንድ እየቀነሰ ነው የሚናገረው።

እንዲህ ያደረገው ናፍቆት ነው። ቤቱን ናፍቋል፣ እኔን ናፍቋል። ሌላ ምክንያት እየፈለግሽ አትንከራተቺ። ሲመለስ ይድናል። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ፦ የጫማ ካርቶን ውሰጂ፣ ክዳኑን በወፍራም መርፌ በሳሺው፣ ፎጣ አንጥፊበት። ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በካልሲ ጠቅልዪና ከጎኑ አስተኚለት። ከመንገዱ በፊት ባለው ቀን ምግብ አትስጪው፣ ሆዱ ይገለበጣል። ለጠዋቱ አውቶቡስ ሹፌር በእጁ ስጪው፤ ጫማ ነው በዪው። እኔ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ለሰውየው መንገር አያስፈልግም። ቅዳሜ ሲመጣ ሞተ በዪው። የት ቀበርሽው ብሎ አይጠይቅሽም፤ አውቀዋለሁ።

እስከ ዛሬ በክፉ ቃል ተናግሬሽ ከሆነ ይቅር በዪኝ፣ የኔ ልጅ። ይህን ቃል ለማንም ጽፌ አላውቅም። አንቺ ገና ብዙ ነገር ይኖርሻል። እኔ ያለኝ እሱ ነው።

ልብስ ሰፊዋ


የካቲት 4

እትዬ፣

ሰላምታውን ሳላሟላ በመጀመሬ ይቅርታ፤ ጊዜ የለኝም።

ካርቶኑን አዘጋጅቼ ነበር። በስቼ፣ ፎጣ አንጥፌ፣ ጠርሙሱንም በራሴ ካልሲ ጠቅልዬ። ላስገባው ሳነሳው እግሮቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር። አፉ ላይ የቀረች ቅጠል ልጥረግለት ብዬ መንጋጋውን በአውራ ጣቴ ደገፍኩት፤ መንጋጋው ታጠፈ። አጥንት ነው ብዬ የያዝኩት ነገር እንደ ራሰ ካርቶን ተለመጠ። አልጫንኩትም እትዬ፤ እምልልዎታለሁ አልጫንኩትም። እንዲህ ሆኖ አውቶቡስ ላይ አልጭነውም። መንገዱ ላይ አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል።

ለሰውየው ሞተ በዪው ያሉኝም አስፈላጊ አይደለም። መቁረጫው የሚሰቀልበት ምስማር ባዶ ነው፤ ካፖርቱም የለም። ሦስተኛውን ነገር ግን ትቶልኝ ሄዷል። የት እንደሄደ አላውቅም፤ ሥራ ቦታው ያሉትም አናውቅም አሉኝ። ይህን ለርስዎ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያሳፍር ከርስዎ በቀር የሚገባው ሰው የለም።

የሚያውቁት ነገር ካለ ዛሬውኑ ይንገሩኝ። ጥፋቱ የኔ እጅ ከሆነም ይንገሩኝ፣ እችለዋለሁ። እርስዎን የበደልኩት እኔ ነኝ፤ የሚከፍለው ሽማግሌው መሆን የለበትም።

ፀጉር ሠሪዋ


የካቲት 10

ይህን እንዳነበብሽ ተነሺ።

ፀሐይ በመስታወት ውስጥ ስታልፍ ብርሃኗና ሙቀቷ ብቻ ነው የሚያልፈው። አጥንት የሚያጠነክረው ነገሯ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ያን ካላገኘ የእንቁላል ቅርፊት በኩንታል ብትነሰንሺለት አጥንቱ ጋ አይደርስም። ደጅ አውጪው፣ በሱና በሰማዩ መሀል ምንም ሳይኖር። ጭንሽ ላይ ያዢው፣ ድመት እንዳይወስደው፤ ሲበዛበት የሚጠጋበት ጥላም ይኑረው። መስኮቱ አልከፈት ካለሽ ስበሪው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአውቶቡስ ሳጥን ልኬልሻለሁ። ውስጡ ያለው መብራት ማሽኔ ላይ ነው ያልኩሽ ነው። ከፀሐይ የሚገኘውን ያንን ነገር እሱም ይሰጣል። ሰውየው ጌጥ መስሎት ነው ጥሎት የሄደው። ከድንጋዩ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገሽ ስቀዪው፤ እዚህም መሀል ላይ መስታወት አይግባ። ሐኪም ፈልጊ። የከብት ሐኪምም ቢሆን መርፌውን አያጣውም።

ስለ ሌላው ነገር ምንም የሰማሁት የለም።

መንጋጋው ታጠፈ ያልሽውን ካነበብኩ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።

ልብስ ሰፊዋ


መጋቢት 16

ለልብስ ሰፊዋ፣

እንደምን ነሽ አልልሽም። አንቱታውንም ትቼዋለሁ፤ እናቴ ታላቅን ሰው በባዶው አትጥሪ ያለችኝ አንቺን ሳታውቅ ነው።

የመስታወቱን ቤት ከጎረቤት መዶሻ ተውሼ አደቀቅኩት። መስኮቱንም ሰበርኩት። ጎረቤቶች ሌባ ገባባት ብለው ደረጃውን ሞሉት፤ እኔ እንሽላሊት በፎጣ አቅፌ ስብርባሪ መሀል ቆሜ ነበር። አንደኛዋ መጥረጊያ ሰጥታኝ ሄደች።

ሐኪሙ የላምና የውሻ ሐኪም ነው። እንዲህ ያለ አክሜ አላውቅም አለኝ፣ ግን ለሚያውቅ ጓደኛው ደወለ። መርፌ ወጋው። ከዚያ እግሩን በሁለት ጣቱ ዳበሰና «ከገዛ አጥንቱ እየበላ ነው የከረመው» አለኝ። ይተርፋል። የፊት እግሮቹ ግን ወደ ውጭ ጎብጠው በዚያው ጠንክረዋል፤ መንጋጋው ወደ ግራ ዞሯል። ድንጋይ ላይ ሁለተኛ አይወጣም። አንድ ጠፍጣፋ ሸክላ መሬት ላይ አንጥፌለታለሁ።

መብራትሽንም አሳየሁት። ምን ያህል ጊዜ በርቷል ብሎ ጠየቀኝ። ያን የሚያውቁት ኮሌታዎችሽ ናቸው። እንዲህ ዓይነት አምፖል ለዓይን እየበራ ጥቅሙ በጥቂት ወር ያልቃል ብሎ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ለሽማግሌው የሚሆነውን ብርሃን ለሸሚዝ ጨርሰሽዋል።

በጥቅምት ስለ መስታወቱ ቤትና ስለ ተደፈነው መስኮት ጻፍኩልሽ። ሁለቴ አነበብኩት አልሽ፣ እሰየው አልሽ። የቀረ ነገር አለ ወይ ብዬ ለመንኩሽ፣ የለም አልሽ። በረንዳውን ግን ጽፈሽልኝ ነበር፤ እኔ ሞኟ ወግ መስሎኝ አለፍኩት። እንድሰለችና እንድመልስልሽ ነበር የጠበቅሽው። እኔ አልሰለቸሁም፤ እግሩ የጎበጠው ለዚህ ነው።

አሁን ስለ ሳጥኑ። ገመዱን ልፈታ ስል እጄ ቆመ። ሁለት ዙር ከማዕዘን ወደ ማዕዘን፣ ከዚያ ጫፉ በራሱ ሥር ገብቶ የሚደበቅ ቋጠሮ። የመስታወት ሠራተኞች እንዲህ የሚያስሩት ጠርዙ ገመዱን እንዳይበጥሰው ነው። እኔ ቤት የፎጣ እሽግ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚታሰረው፤ እስካሁን ያልፈታኋቸው አሉ። ልብስ ሰፊ እንዲህ አያስርም። «ስለ ሌላው ነገር ምንም የሰማሁት የለም» ብለሽ ስትጽፊ እሱ ካጠገብሽ ቆሞ ገመድ እየለካ ነበር።

እኔ እዚህ የሬሳ ቤት ሳይቀር ጠይቄያለሁ።

እሱን ያዢው። ስለ ሽማግሌው ግን ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።

ፀጉር ሠሪዋ


ሚያዝያ 3

ለሽማግሌው አሳዳጊ፣

አትጠይቂኝ አልሽ እንጂ አትጻፊልኝ አላልሽም። ስለዚህ መጀመሪያ ሳልጠይቅ ልጻፍ።

መጣ። ያ የመጨረሻው ልመናሽ ከመድረሱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ ካፖርቱን ለብሶ መቁረጫውን ይዞ በሬ ላይ ቆመና «እራት አለ?» አለኝ። እንዴት አስገባሽው ትዪኝ ይሆናል። መጀመሪያ ያየሁት እጁን ነው። ካርቶን የያዘ መስሎኝ ነበር። ከኋላውም አየሁ፣ ደረጃው ላይ ምንም የለም። በሩን መዝጋት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አልዘጋሁም።

መልሺልኝ ያልኩሽ እኮ እሱን አልነበረም።

ሳጥኑን ያሰረው እሱ ነው። እኔ ስቸኩል ገመዱ አልያዝልኝ አለ፤ ተቀበለኝ። አድራሻውን አነበበው፣ ስምሽን አየ። ቋጠሮውን ጨረሰና «ይበርድሻል፣ በሩን ዝጊው» ብሎኝ ወደ ጓዳ ገባ። ሽማግሌው ኖረ ሞተ ብሎ እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም። ስላንቺም አልጠየቀም። ይህን የምነግርሽ እንዲያምሽ አይደለም፤ እኔም ያንቺ ቤት ውስጥ ሳልጠየቅ እንደቀረሁ አውቄዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የተሰፋ ልብስ አድርሼ ስመለስ በረንዳዬ ዙሪያውን መስታወት ሆኖ ጠበቀኝ። ሊያስደስተኝ ፈልጎ ነው። «ከእንግዲህ ንፋስ አያገኝሽም» አለኝ። ሥራው ንጹሕ ነው፣ ጠርዙ እጅ አይቆርጥም። እዚያ ውስጥ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ። ይሞቃል።

ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ያንን ቃል በጥር ወር ላንድ ካርቶን ብዬ አባክኜዋለሁ። አንቺን የለካሁሽ በሱ ነው። እሱ የመረጣት ሴት ወር ሳትሞላ ይሰለቻታል አልኩ። እኔንም የመረጠኝ እሱ መሆኑን ረስቼ። አንቺ ታጥቢዋለሽ፣ ትወቅጪለታለሽ፣ ትከሻሽ ላይ ታወጪዋለሽ፤ እኔ እዚህ ተቀምጬ መቼ ይደክማታል እያልኩ እጠብቃለሁ። ድንጋዩ ላይ መውጣት ተወ ስትዪኝ ምን እንደሆነ አውቄ ነበር። ናፍቆት ነው አልኩሽ።

አዲስ አምፖል ገዝቼ ልኬልሻለሁ። ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ አይተሽ ትለዪዋለሽ። በየስድስት ወሩ እልክልሻለሁ፤ ብትጥዪውም እልካለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ብትቆጪም ቻዪኝ። መንጋጋው ዞሯል አልሽኝ። ይበላል ወይ? ሰላምታ አልፈልግም፣ ገጽ አትሙዪልኝ። ይበላል ወይ አይበላም፣ ይህን ብቻ።

ልብስ ሰፊዋ


ሚያዝያ 21

ይበላል። ከእጄ ነው የሚበላው።